ማሽኑ «ኮሙኒኬሽን የለም» ሲል ከየት እንጀምር?

የኤክስካቫተሩ ሞኒተር በድንገት የሞተሩን ሙቀትና የዘይት ግፊት ማሳየት ያቆማል። የሞተር ፍጥነት መምረጫውን ብታዞሩትም ሞተሩ አይታዘዝም፤ በአንድ ዙር ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ሃይድሮሊኩም ይደክማል። ስካነር ሲሰካ የኮድ መዓት ይዘረገፋል። ከዚህ በኋላ በብዙ ሳይት የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል»። ውድ ዕቃ ይታዘዛል፣ ማሽኑ ለሳምንታት ይቆማል፣ ዕቃው መጥቶ ሲገጠም ችግሩ እዚያው አለ።

የኮሙኒኬሽን ብልሽት በአብዛኛው ከኮምፒውተር ሳጥኑ ውጭ ያለ ነገር ነው፦ የተፋቀ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት ሶኬት፣ የላላ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው መስመር)፣ የተበላ ፊውዝ፣ የወደቀ ተርሚኔተር (የመስመሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሬዚስተር)። ይህን ለመለየት ደግሞ ላፕቶፕ ከመክፈት በፊት ጥሩ ቴስተር፣ የማሽኑ የኤሌክትሪክ ንድፍና ትዕግሥት ይበቃሉ።

መጀመሪያ መስመሩን እንወቀው። ካን የተባለውን የመገናኛ ስልት ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ለመኪና አስተዋወቀው፤ ከባድ ማሽኖች ላይ በብዛት የምናገኘው ጄ1939 በዚሁ ላይ የተሠራ ደረጃ ነው። ሁለት እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሽቦዎች አሉ፦ ካን ሃይና ካን ሎው። ማንም በማይናገርበት ቅጽበት ሁለቱም 2.5 ቮልት አካባቢ ያርፋሉ። አንዱ ኮንትሮለር (የማሽኑን አንድ ክፍል የሚያዝ ኮምፒውተር) መልእክት ሲልክ ሃይ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሎው ወደ 1.5 ይወርዳል። ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከዲናሞም ሆነ ከሶሌኖይድ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ስለሚነካ ልዩነቱን አይለውጠውም። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ተጠማዞ የመጣን መስመር በሁለት ልቅ ሽቦ መተካት ጥገና አይደለም።

በዋናው መስመር ሁለት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ባለ 120 ኦም ተርሚኔተር ይቀመጣል። ሥራው ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ቀጣዩን መልእክት እንዳያበላሸው ማድረግ ነው። ሽፋን ያለው ገመድ በሚጠቀመው የጄ1939 ዓይነት ዋናው መስመር እስከ 40 ሜትር፣ ወደ እያንዳንዱ ኮንትሮለር የሚወጣው ቅርንጫፍ እስከ 1 ሜትር ይፈቀድለታል። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎ ቢት ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ 500 እየሆነ መጥቷል። ሽፋኑ ማሳ የሚያዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ማሳ ከያዘ በሽፋኑ ውስጥ ጅረት ያልፍና መከላከያ የነበረው ራሱ የረብሻ ምንጭ ይሆናል።

አሁን ወደ ኮዱ። ኮዱን የሚመዘግበው ዝም ያለው ኮንትሮለር ሳይሆን ያልሰማው ነው። በጄ1939 ኤፍኤምአይ (የብልሽቱን ዓይነት የሚናገር ቁጥር) 9 ማለት «የምጠብቀው መልእክት በሰዓቱ አልደረሰኝም» ማለት ነው። ኤፍኤምአይ 19 ከሆነ መልእክቱ ደርሷል፣ ውስጡ ያለው መረጃ ግን ስህተት ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦውን ትታችሁ ላኪው ላይ የተሰካውን ሴንሰር መርምሩ። ካተርፒላር ላይ 247-9 የሚለው ኮድ የጄ1939 መስመር መልእክት በሰዓቱ አለመድረሱን ይናገራል። ኮማትሱ ደግሞ ምስክሩን ለይቶ ይጽፋል፦ ዲኤ2አርኤምሲ የፓምፕ ኮንትሮለሩ ያየው መቋረጥ ነው፣ ዲኤኤፍአርኤምሲ ሞኒተሩ ያየው ነው።

ስለዚህ ኮዶቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሯቸው፦ ማን መዘገበ፣ ማንን አጣሁ አለ፣ በስንት ሰዓት ሥራ ላይ፣ ስንት ጊዜ ተደጋገመ። ሞኒተሩም ትራንስሚሽኑም ሃይድሮሊኩም «ሞተሩን አጣሁ» ካሉ፣ ሞተሩ ግን ምንም ኮድ ካላሳየ ወይም ስካነሩ ጨርሶ ካላገኘው፣ ፍለጋው ወደ ሞተሩ ኢሲኤም (ኮንትሮለር) ኃይል፣ ማሳና ቅርንጫፍ ይጠባል። ሁሉም ሁሉንም ካጡ ችግሩ ዋናው መስመር ላይ ነው፤ ወይ ተነካክቷል ወይ አንዱ ኮንትሮለር መስመሩን ይዞታል። ሁለት ቡድን ከሆኑ፣ ማለትም ጋቢና ውስጥ ያሉት እርስ በርስ እየተሰሙ ሞተር ክፍል ካሉት ጋር ካልተገናኙ፣ መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። በዚያው ሰዓት የዝቅተኛ ባትሪ ኮድ፣ ለምሳሌ ኤስፒኤን (ኮዱ ስለየትኛው ነገር እንደሆነ የሚለይ ቁጥር) 168 ከኤፍኤምአይ 4 ወይም 1 ጋር፣ ተመዝግቦ ከሆነ መስመሩን ለጊዜው ተዉትና ባትሪውን፣ የባትሪ ተርሚናሉንና ዲናሞውን ፈትሹ። በማስነሳት ጊዜ የባትሪው ቮልቴጅ ከልክ በታች የሚወርድ ከሆነ ኮንትሮለሮች ጠፍተው ሊነሱ ይችላሉ፤ ኮዱ የዚያ ውጤት ነው።

ኃይልና ማሳ ከካን መስመሩ ይቀድማሉ። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎች በኦም ይለኩና ይታለላሉ። ካሉት የሽቦ ክሮች አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ በኦም ሲለካ ዜሮ ያሳያል፤ ጅረት ሲጠየቅ ግን አይችልም። ትክክለኛው ዘዴ ማስጫን ነው። የኢሲኤሙን ሶኬት ንቀሉ፣ በኃይል ፒኑና በማሳ ፒኑ መካከል ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል አገናኙ። አንድ አምፔር የሚጠጋ ጅረት ይስባል። አምፖሉ እየበራ በሁለቱ ፒኖች ላይ የምትለኩት ቮልቴጅ ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ መንገዱ ላይ ችግር አለ፤ አምፖሉ ከደበዘዘ ደግሞ መለካትም አያስፈልግም። ኢሲኤም ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ የኃይልና የማሳ ፒን ስላለው ሁሉንም በየተራ አስጭኑ። የሞተሩንና የጋቢናውን ማሳ ከሻሲ ጋር የሚያገናኙትን ወፍራም ገመዶችም አትዝለሉ፤ ከሥራቸው የተቀባ ቀለም ወይም ዝገት ካለ ፍቁት።

ኃይሉ ደህና ከሆነ ወደ ምርመራው ሶኬት ሂዱ። ክቡ ባለ 9 ፒን የዶይች ሶኬት ላይ ፒን ኤ የባትሪ ማሳ፣ ፒን ቢ የባትሪ ፖዘቲቭ፣ ፒን ሲ ካን ሃይ፣ ፒን ዲ ካን ሎው፣ ፒን ኢ ሽፋኑ ነው። ኤፍና ጂ ለቀድሞው የመገናኛ ደረጃ ለጄ1708 የተመደቡ ናቸው፤ ኤችና ጄ ለአምራቹ የተተዉ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ካን መስመር ይሆናሉ። ሁሉም አምራች ይህን ሶኬት አይጠቀምም፤ ንድፉን ሳታዩ አትለኩ። ጥቁሩ ሶኬት የ250፣ አረንጓዴው የ500 ኪሎ ቢት ነው። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱ የተሳሳተ መሣሪያ ጤነኛ መስመር ላይ ቢሰካ የስህተት መልእክት እየረጨ መስመሩን ሊያውከው ይችላል።

ኦም ለመለካት ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ ቁልፉ ብቻ ሳይሆን የባትሪ ማቋረጫውም። ቁልፉ ከጠፋ በኋላ አንዳንድ ኮንትሮለሮች ለጥቂት ደቂቃ ነቅተው ስለሚቆዩ ታገሡ፤ የኤግዞስት ጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ የፈሳሹ ፓምፕ መስመሩን አጥርቶ እስኪጨርስ ማቋረጫውን አትንኩ። ኃይል ያለበት መስመር ላይ የተለካ ኦም ትርጉም የለውም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ኔጌቲቭ ቁጥር ይወጣል።

በሲና በዲ መካከል 60 ኦም አካባቢ ከተገኘ ሁለቱም ተርሚኔተሮች አሉ፣ ዋናው መስመርም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዟል። 120 ከሆነ አንዱ ተርሚኔተር የለም ወይም መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። 40 ከሆነ ሦስተኛ ተርሚኔተር ገብቷል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኋላ ከተገጠመ የጂፒኤስ መከታተያ ወይም ውስጡ ተርሚኔተር ያለው ኢሲኤም ያለቦታው ሲገባ ነው። ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ሃይና ሎው ተነካክተዋል። ምንም ካልተነበበ ሁለቱም ተርሚኔተሮች የሉም፣ ወይም ከሶኬቱ እስከ ዋናው መስመር ያለው ቅርንጫፍ ተበጥሷል። ከዚያ ሲን ከኤ፣ ዲን ከኤ፣ ሁለቱንም ከቢ ጋር ለኩ፤ ሁሉም በኪሎ ኦም ደረጃ መሆን አለባቸው፤ በጥቂት ኦም የሚቆጠር ንባብ መነካካት ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ፦ 60 ኦም ማግኘት መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ቅርንጫፉ የተበጠሰ ኢሲኤም ፈጽሞ ዝም ብሎ እያለ ዋናው መስመር 60 ያሳያል። ከጥገና በኋላ ሃይና ሎው ተቀያይረው ቢታሰሩም ቁጥሩ ያው 60 ነው። ስለዚህ ዝም ያለውን ኢሲኤም ሶኬት ነቅላችሁ በሽቦው በኩል ካሉት የካን ፒኖች ላይ እንደገና ለኩ፤ እዚያም 60 መምጣት አለበት። እያንዳንዱ ሽቦ ከትክክለኛው ፒን ጋር መያያዙንም ለብቻው አረጋግጡ። ውስጡ ተርሚኔተር ያለበትን ኢሲኤም ከነቀላችሁ ንባቡ 120 ይሆናል፤ ይህ ብልሽት ስላልሆነ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ቮልቴጅ። ቴስተር የሚያሳየው ፈጣኑን ምልክት ሳይሆን አማካዩን ነው፤ በሥራ ላይ ባለ መስመር ሃይ ከ2.5 ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 2.8፣ ሎው ከ2.5 ትንሽ ዝቅ ብሎ እስከ 2.2 ይነበባል፤ ሲደመሩ ወደ 5 ቮልት ይመጣሉ። ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ ሃይ ከማሳ ጋር ተነካክቷል ብላችሁ ፈልጉ። ሎው ብቻውን ዜሮ ላይ ተቀምጦ ሃይ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ሎው ከማሳ ጋር ነው፤ አንዳንድ ማሽን እንዲህም ሆኖ እየተቆራረጠ ይነጋገራል፣ ለዚህም ነው ብልሽቱ ሳይታወቅ የሚቆየው። ሁለቱም ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ከተጠጉ አንዱ ከፖዘቲቭ ጋር ተነካክቷል፤ ይህን ዓይነቱን ፈጥናችሁ አጥፉ፣ የኮንትሮለሮቹን የካን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱም በትክክል 2.5 ላይ ፈዘው ከቆሙ ወይ ተነካክተዋል ወይ ማንም እየተናገረ አይደለም፤ የኦሙ ልኬት ይለየዋል።

መስመሩን የያዘው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ትታችሁ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ሥራውን ያሳጥራል። በኋላ ከተገጠሙት ጀምሩ፦ የጂፒኤስ መከታተያ፣ ሚዛን፣ የቁፋሮ መለኪያ፣ ካሜራ። ከዚያ ኤግዞስት ላይ ያሉትን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮች ንቀሉ። የልቀት መቆጣጠሪያ ባላቸው ሞተሮች ላይ እነዚህ ሴንሰሮች በቀጥታ ካን ላይ ይናገራሉ፣ የሚኖሩትም ሙቀት ላይ ነው፤ አንዱ ውስጡ ሲበላሽ መላውን መስመር ይዞ ይወርዳል። ነቅላችሁ ቮልቴጁ ዘሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ አገኛችሁት። ካልተመለሰ መስመሩን ጋቢናና ሻሲ በሚገናኙበት ሶኬት ላይ ለሁለት ክፈሉት፣ ተርሚኔተር ባጣው ጫፍ ላይ የ120 ኦም መፈተሻ ሬዚስተር አስገቡና የትኛው ግማሽ እንደሚሠራ እዩ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በካን መስመሩ በኩል ብቻ ስትፈልጉ የማታገኙት። ኢሲኤም ለሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። አንድ የግፊት ሴንሰር ወይም ሽቦው የ5 ቮልቱን መስመር ከማሳ ጋር ካነካካው አንዳንድ ኢሲኤም ሥራውን እያቆመ ይነሳል፣ ከመስመሩም ይጠፋል። ዝም ያለው ኢሲኤም ኃይሉም ማሳውም ካኑም ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ከመቀየሩ በፊት የ5 ቮልት ሴንሰሮቹን በየተራ ንቀሉና ይነቃ እንደሆነ ተመልከቱ።

የሚመጣ የሚሄድ ብልሽት ከሁሉም ይከብዳል። ማሽኑ ቆሞ ስትለኩት ሁሉም ደህና ነው፤ ቡሙ ሲነሳ ወይም ሎደሩ ሲታጠፍ ይጠፋል። ለዚህ የቴስተሩን የዝቅተኛና ከፍተኛ መመዝገቢያ ክፈቱ፣ ሲና ዲ ላይ በኦም አስሩት፣ ረዳታችሁ ገመዱን ከአንድ ጫፍ እየወዘወዘ ይምጣ። 60 የነበረው ለቅጽበት እንኳ ቢዘል ይመዘገባል። የሚጎዱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የሎደርና የግሬደር መታጠፊያ፣ ከጋቢናው ወለል ሥር፣ የባትሪው ሳጥን አጠገብ፣ ተርቦው አካባቢ፣ ገመዱ በብረት ስታፋ የታሰረበት ሁሉ። በሎቤድ (ማሽን በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ረጅም ጠጠር መንገድ የተጓዘ ማሽን ሲወርድ የሚጀምር ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ መፋተግ ነው፤ ክረምት ላይ ወይም ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ውሃ ነው። ግፊት ያለውን ውሃ ሶኬት ላይ በቀጥታ መርጨት ጎሚኒውን አልፎ እንዲገባ ያደርገዋል።

ሶኬት ስትከፍቱ ዓይናችሁ ፒኖቹ ላይ ይሁን። አረንጓዴ ዝገት፣ ወደ ኋላ የተገፋ ፒን፣ የጠፋ የብርቱካናማ መቆለፊያ፣ ባዶ ቀዳዳ ላይ ያልገባ መድፈኛ። የሴቷ ፒን መያዝ አለመያዟን ለማወቅ ልኩ የሆነ ወንድ ፒን አስገብታችሁ ሳቡት፤ በራሱ ከወጣ ላልቷል። የቴስተር ሹል ጫፍ ፒኑ ውስጥ መክተት ያንኑ ፒን ያሰፋዋል፣ ትናንት ያልነበረ ብልሽትም ይፈጥራል። የሽቦውን ልባስ በመርፌ ወግቶ መለካትም እንዲሁ፤ በቀዳዳው ውሃ ገብቶ ከወራት በኋላ መዳቡን ይበላዋል።

ኦሲሎስኮፕ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ በዩኤስቢ የሚሠራው ርካሹም ለዚህ ይበቃል። አንዱን ቻናል ሃይ ላይ፣ ሌላውን ሎው ላይ፣ ማሳውን ፒን ኤ ላይ። በ250 ኪሎ ቢት አንዱ ቢት 4 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ጤነኛ ምልክት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለቱ ቻናሎችም በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ተርሚኔተር ሲጎድል የምልክቱ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ እረፍቱም ቀስ ብሎ ይመለሳል። የአንድ ኮንትሮለር መልእክቶች ብቻ ከሌሎቹ ከፍ ብለው ከታዩ የዚያ ኮንትሮለር ማሳ ደካማ ነው። ይህን ቴስተር ፈጽሞ አያሳያችሁም።

መልእክቱን ራሱን ማንበብ ለሚፈልግ ደግሞ ዩኤስቢ ካን አስማሚ በማዳመጥ ብቻ ዘዴ ይሰካ። ፒጂኤን (የመልእክቱ ዓይነት መለያ ቁጥር) 61444 የሞተሩን ዙር ይዞ በተለምዶ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ይመጣል፤ 65262 ሙቀቱን በየሰከንዱ። የላኪ አድራሻ 0 ሞተሩ ነው፣ 3 ትራንስሚሽኑ። 61444 እየመጣ ሞኒተሩ ዙሩን ካላሳየ ችግሩ የሞኒተሩ ቅርንጫፍ ወይም ሞኒተሩ ራሱ ነው። እየቆየ የሚቆራረጥ ከሆነ ኢሲኤሙ ስህተት እየቆጠረ ነው ማለት ነው፤ የመላክ ስህተት ቆጣሪው ከ127 ሲያልፍ ይጠነቀቃል፣ ከ255 ሲያልፍ ራሱን ከመስመሩ ያወጣል። ቁልፉን አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው የሚመልሰው ለዚህ ነው። ከሌላ ማሽን የተነቀለ ኮንትሮለር ተገጥሞ ከሆነ ሁለት ኮንትሮለሮች አንድ አድራሻ ይዘው ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያን በፒጂኤን 60928 ላይ ታዩታላችሁ።

የተበላሸውን ክፍል ስትጠግኑ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ርዝመት ቁረጡ፣ መገጣጠሚያዎቹን ጎን ለጎን ሳይሆን አለፍ አለፍ አድርጉ፣ በመቆንጠጫ ያዟቸውና ውስጡ ሙጫ ባለው የሙቀት ቱቦ ሸፍኑ። ናስትሮ ብቻውን ውሃ አይከለክልም። መጠማዘዙን እስከ ሶኬቱ አጠገብ መልሱት፣ በሜትር 40 ዙር አካባቢ።

ባኬት ወይም ሻሲ ላይ ብየዳ ሲኖር ቁልፉ ይጥፋ፣ ባትሪው ይነቀል፣ የኮንትሮለሮቹ ሶኬቶችም ይነቀሉ፤ የብየዳው ማሳ የሚበየደው ብረት ላይ በቅርበት ይታሰር፣ በመሃል ኩሽኔታ (ቤሪንግ)፣ ሲሊንደር ወይም የኤሌክትሪክ ማሳ እንዳይኖር።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ዝም ያለው ኢሲኤም አሁንም ዝም ካለ፣ ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት የማሽኑን ሴሪያል፣ የኢሲኤሙን ክፍል ቁጥርና የሶፍትዌሩን ቁጥር መዝግቡ። ሞተሩ የኢንጀክተር ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ ያለውን ኮድ ከነሲሊንደር ቁጥሩ ቅዱ፤ አዲሱ ኢሲኤም ባዶውን ስለሚመጣ እነዚህ ካልገቡለት ሞተሩ ቢነሳም በትክክል አይሠራም።